ከታች ቤት አለ

የካቲት 17 ቀን 1988

ኢቲዳል፣ ጻፊ። እጁ የልጄ ነው፤ አፉ ግን የኔ የሙርሳል ነው። አማርኛዬ ሲሰበር አቃኚው፣ ነገሬን ግን አትንኪብኝ።

የመንገድ ሥራው ቢሮ ሁለት ደብተር ሰጠኝ። አንዱ የጥበቃ መዝገብ ነው፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ ይጻፍበታል። ሌላው ትርፍ ነው። ትርፉን ለራሴ አደረግሁት። ክልል ሆንን ከተባለ ወዲህ ሁሉም ነገር ወረቀት ሆኗል። ወረቀት የሌለው ሰው አፍ የለውም። እኔም ይኑረኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። ከአሶሳ ወደ ሆሞሻ የሚሄደው መንገድ የኛን ኾር ይሻገራል። ኾር ማለት በጋ አሸዋ፣ ክረምት ጎርፍ የሚሆን ወንዝ ነው። በየክረምቱ መኪና ይቆማል፤ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ትሻገራለች፣ ወይም አትሻገርም። አሁን ከነቀምቴ ኢንጂነር ዲሳሳ መጣ። ድልድይ አይሠራም። ወንዙ ወለል ላይ የኮንክሪት ሣጥን ይቀብራል። ትንሹ ውሃ በሣጥኑ ውስጥ፣ መኪናው በሣጥኑ ላይ ያልፋል። ጎርፍ ሲመጣ ውሃው ሁሉንም ይሸፍነዋል፤ መኪናው ውሃ ለብሶ ይሻገራል። ሰዉ የውሃ ውስጥ መንገድ ብሎ ስም አወጣለት።

እኔን ጥበቃ ያደረጉኝ ማሳዬ ዳሩ ላይ ስለሆነ ነው። ወርቅ ቆፋሪ እንደነበርኩም ሰምተዋል። ከመሬት በታች ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። ኢንጂነሩ በጠቅላላው ሠላሳ ቢሆነው ነው።

የካቲት 19

ኢንጂነሩ ዛሬ ጠየቀኝ። "አባ ሙርሳል፣ ስለዚህ ቦታ ማወቅ ያለብን ነገር ይኖራል?"

እኔ አልደብቅም። "ከታች ቤት አለ" አልኩት።

ቤት የምንለው እኛ ቆፋሪዎች ነን። ጉድጓድ ትወርዳለህ፣ ከዚያ ወደ ጎን እየቆፈርክ፣ ጣሪያውን በእንጨት እየደገፍክ ትሄዳለህ። ያ ቤት ነው። ቋሚ አለው፣ ተጋዳሚ አለው፣ በር አለው። ሌላ ምን ይባላል?

"ከታች?" አለኝ።

"ከታች።"

ቀና ብሎ ወደ ወንዙ መውረጃ አየ። ጻፈ። አመሰገነኝ።

ሌላ ይጠይቀኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁት። አልጠየቀም። የተማረ ሰው ነው፣ ገብቶታል ማለት ነው። እኔ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ አልናገርም። በዕድሜዬ ተናግሬ አላውቅም።

የካቲት 24

ወንዙ ዳር ባለው ማንጎ ጥላ ሥር ስብሰባ። ከወረዳ የመጣው ልጅ ወረቀቱን እንደ ዝናብ አወረደው። "ከታች" ሲል ሰማሁ። "ቤት" ሲል ሰማሁ። "አደጋ" አለ። "የአካባቢው ሽማግሌ አረጋግጠዋል" አለ። ትክክል ነው አልኩ። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምኩ።

ኢቲዳል የወረዳው ጸሐፊ ናት፤ የዚያን ቀን ግን አሶሳ ለሥልጠና ሄዳ ነበር። ብትኖርም ያው ነበር። እኔ ጆሮ አለኝ።

የካቲት 30

ዐዋጢፍ መጣች። ዐዋጢፍ የታናሽ ወንድሜ የሻዕባን ሚስት ናት። ሻዕባን በንጉሡ ጊዜ ሱዳን ገባ። አልተመለሰም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆነው። ልጅ የላቸውም። ቤቷ ከመሻገሪያው ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ወደ መውረጃው ነው።

ገና ከሩቅ ጀመረች። "አቡ ኢቲዳል፣ አውራ ጣትህ ደህና ናት?"

"ደህና ናት።"

"እንዳትታመም ብዬ ነው። ቤት አፍርሳ ደክሟታል።"

ወረቀት ጣለችልኝ። ኢቲዳል አነበበችው። ከመሻገሪያው በታች ያለው አንድ መኖሪያ ቤት ለግንባታውም ለነዋሪውም አደጋ ስለሆነ እስከ መጋቢት 25 ይነሳ ይላል። ሽማግሌው አረጋግጠዋል ይላል። ጣቴ እዚያው ላይ ተቀምጣለች። ትልቅ ናት።

"ሌላ ቦታ ይሰጡሻል" አልኳት። "ቆርቆሮም ይሰጣሉ።"

"ቆርቆሮ ለምኔ ነው? ሻዕባን ሲመጣ የት ብሎ ያገኘኛል? የሚያውቀው በር ይኼ ነው።"

ያንን በር የሠራሁላት እኔ ነኝ። እሱ የሄደ ዓመት ቤቷ ዘንበል ብሎ ስለነበር ሁለቱን ቋሚ አምጥቼ ተከልኩላት። ምስጥ እስከ ዛሬ አልደፈራቸውም።

ከሄደች በኋላ ኢቲዳል "ያባ፣ እዚህ ላይ 'በታች' ማለት ወደ መውረጃው ማለት ነው" አለችኝ።

"እኔ ከእግሬ ሥር ነው ያልኩት።"

"እሱ አልገባውም።"

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? እግር ያለው ሰው ከታች ሲባል እግሩን አያይም?

መጋቢት 3

ቢሮ ሄድኩ። ቢሮ ማለት ድንኳን ነው። "ወረቀቱ ስህተት ነው፤ ቤቱ ሌላ ነው" አልኩ።

ኢንጂነሩ ካርታውን ዘረጋ። "ሌላ ቤት የለም እኮ አባ። ሁለቱንም ዳር ዞሬ አይቻለሁ።"

ፎርማኑ ነብዩ የመተከል ልጅ ነው፤ አፉ አያርፍም። "አባባ፣ ምናልባት የዓሣ ቤት ይሆን እንዴ? እሱንም በኮሚቴ እናስነሳዋለን" አለ። ድንኳኑ ሙሉ ሳቀ። ኢንጂነሩም ፈገግ አለ፤ አየሁት።

ዱላዬን አንስቼ ወጣሁ። ለሚስቅ ሰው አልናገርም።

መጋቢት 4

"ለምን ቤቱን በጣትህ አታሳያቸውም?" አለች ኢቲዳል። እኔ የማንም አስጎብኚ አይደለሁም።

መጋቢት 9

ዛሬ ረጅም ብረት በመዶሻ እየመቱ ወንዙ ወለል ውስጥ አስገቡ። መሬቱ ምን ያህል እንደሚሸከም ማወቂያ ነው አሉ። አምስት ቦታ ላይ መቱ። አምስቱም ቦታ ቆመ። "ጠንካራ" ብሎ ጻፈ።

ጠንካራማ ነው። ከአሸዋው በታች ጠጠር አለ፣ ከጠጠሩ በታች ቀይ ድርቅ ያለ አፈር አለ፤ እሱን በዶማ ስትመታው እሳት ይተፋል። ቤቱ ያለው እዚያ ቀይ ውስጥ ነው። ሦስተኛውን ብረት አንድ ክንድ ወደ ማንጎው ቢያስጠጉት ኖሮ ከእጃቸው አምልጦ ይገባ ነበር። ዓይኔን ከዚያች ቦታ ማንሳት አቃተኝ። ነብዩ "አባባ፣ ወርቅ ወደቀብዎት?" አለኝ።

መጋቢት 12

ሣጥኑ የሚቀመጥበትን ቆፈሩ። ግማሽ ሰው ጥልቀት። ጣሪያው ሳሳ ማለት ነው።

ወገቤን አመመኝ። ምግብ አልበላሁም።

መጋቢት 15

ኢቲዳል ቁፋሮው እንዴት እንደነበር ጠየቀችኝ። ልናገር። ኢንጂነሩ ባይጠይቅም እሷ ጠይቃለች።

ከወንዝ ሥር መቆፈር እንደ ሌላ ቁፋሮ አይደለም። ጋራ ውስጥ የምትፈራው ከላይ ያለውን ክብደት ነው። ወንዝ ሥር ውሃውንም ትፈራለህ፤ ውሃ ከላይ ብቻ አይመጣም፤ ከጎንም ከሥርም ይገፋል፣ አፈሩን አለስልሶ ይሰርቀዋል። ስለዚህ በበጋው መጨረሻ ብቻ ትገባለህ፤ ያኔ ውሃው ከጉልበት አይበልጥም። በየእርምጃው ሁለት ቋሚና አንድ ተጋዳሚ ትሰጠዋለህ። ከተጋዳሚው በላይ ሽመል ጥቅጥቅ አድርገህ ትደረድራለህ፤ ሽመሉ ጠጠሩን ይይዛል፣ ጎንበስ ሲልም ድምፅ ያሰማሃል። እንጨቱ ሲያለቅስ ካልሰማህ ሞኝ ነህ። ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ያለ እንጨት አይበሰብስም። ሁልጊዜ ደረቅ ያለም አይበሰብስም። የሚበሰብሰው አንዴ ረጥቦ አንዴ የሚደርቀው ነው። ስለዚህ ልበ ጥቁሩን እንጨት ትመርጣለህ። ይኼን ማንም አላስተማረኝም።

እንዲህ ያለ ድጋፍ አሥራ ሦስት ተክያለሁ። አሥራ ሁለቱ እንደቆሙ ናቸው።

"አጎቴ ሻዕባንም አብሮህ ይቆፍር ነበር?" አለች ኢቲዳል።

"አዎ። በድብቅ ነበር። ወርቁን ለራሱ የሚል አለቃ ነበረን፤ እሱ እንዳያውቅ።"

"ሱዳን የገባው መቼ ነው?"

"ቤቱ ሲዘጋ።"

"አሥራ ሦስተኛውስ?"

ጻፊ አልኩሽ እንጂ ጠይቂ አልኩሽ?

መጋቢት 18

ዐዋጢፍ በቤቴ በኩል አለፈች። ሰላም አላለችኝም። ከገበያ እየተመለሰች ለጎረቤቷ እንዲህ ስትል ሰማኋት፦ "ወንድሙ ቢኖር ኖሮ ጣቱን ይቆርጥለት ነበር።"

ሻዕባን እንኳን ጣት ሊቆርጥ፣ ዶሮም ማረድ ይጠላ ነበር።

መጋቢት 22

ሮለሩ መጣ። በትልቅ መኪና ተጭኖ መጣ። ሲያወርዱት መሬቱ በእግሬ ጫማ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። አንድ ሙሉ ጎተራ የሚያህል ብረት ነው። ሾፌሩ ከአሶሳ የመጣ ሳቂታ ልጅ ነው፤ "አባባ፣ ላስነዳዎት?" ይለኛል። በ25 ወለሉን ይጠቀጥቃል። በ25 ደግሞ የዐዋጢፍ ቤት ይነሳል።

መጋቢት 24

ነገ ነው።

ነግሬዋለሁ። አንድ ጊዜ በደንብ ነግሬዋለሁ። ኢቲዳል፣ ነግሬዋለሁ ብለሽ ጻፊ።

መጋቢት 25

ጠዋት ሮለሩ ተነሳ። ጭሱን ተፋ። እኔ ማንጎው ሥር ነበርኩ። ያ ሳቂታ ልጅ እጁን አወዛወዘልኝ። ከዚያ በኋላ እግሬ ሲሄድ አየሁት። ወንዙ ወለል ላይ ወርጄ ፊቱ ቆምኩ።

ነብዩ ሮጦ መጣ። "አባባ፣ ምን ነካዎት? ይውጡ!"

"ከታች ቤት አለ።"

"አውቀናል! እሱም ዛሬ ይፈርሳል። አፍራሾቹ ሄደዋል።"

ሰዉ ሁሉ ወደ ዐዋጢፍ ቤት አየ። ሁሉም አንድ ላይ አንገታቸውን አዞሩ። ዱላዬን አነሳሁና መሬቱን መታሁ። "ከታች! ከእግሬ ሥር! አንተ የቆምክበት ሥር!" ጮህኩ። በቋንቋዬ በበርታም ጮህኩ። መሬቱን ደጋግሜ መታሁት። ምን ያህል ጊዜ እንደመታሁ አላውቅም። ዱላዬ ተሰበረ።

ኢንጂነሩ ሞተሩን አስጠፋ። ጆሮውን መሬት ላይ ለጠፈና "አሁን ይምቱ" አለኝ። በተሰበረው መታሁ። ከዚያ ሦስት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ አስመታኝ። ሲነሳ ፊቱ የሌላ ሰው ሆኗል።

"በሩ የት ነው አባ?"

ማሳዬ ዳር ያለውን ጠፍጣፋ ድንጋይ አሳየሁት። አራት ሰው አነሳው። ዐዋጢፍ ቤት የሄዱትን ሰዎች ኢንጂነሩ ነብዩን ልኮ መለሳቸው። የምድጃዋን ጉልቻ ብቻ አውጥተው ነበር።

መጋቢት 26

ኢንጂነሩ ገመድ ታጥቆ፣ ባትሪ ይዞ ገባ። እኔም ልግባ ስል ከለከለኝ። ብዙ ቆየ። ጭቃ ሆኖ ወጣ። ውሃ ጠጣ።

"ማን ነው የሠራው?"

"እኔ።"

"ማን አስተማረዎት?"

"ማን ያስተምረኛል?"

"አሥራ ሁለት ነው የቆመው። እንደ መስመር ቀጥ ብሏል። እኔ አራት ዓመት ተምሬ እንዲህ አልደግፍም" አለ። ነብዩ ቆቡን አወለቀልኝ። ለቀልድ መሰለኝ፤ ለቀልድ አልነበረም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

መጋቢት 28

ሐሳቡን ነገረኝ። አሥራ ሁለቱን እርምጃ በድንጋይና በሲሚንቶ ከውስጥ ይሞሉታል፣ እንጨቱም እዚያው ይቀራል። ችግሩ ከአሥራ ሁለተኛው በኋላ ነው። ተደርምሷል። ከላይ ክፍት ቦታ ተርፎ ከሆነ ሣጥኑ አንድ ክረምት ቆይቶ ይሰበራል። ስለዚህ ከላይ ቆፍሮ ማየት አለብኝ አለ።

"አይቆፈርም።"

"ለምን?"

"ሞልቷል። እስከ ጣሪያው።"

"እንዴት ያውቃሉ?"

ተነስቼ ሄድኩ።

መጋቢት 29

ምንም የለም። ዝንብ ብቻ።

መጋቢት 30

እንዴት ያውቃሉ ይላል። ሰው የሚያውቀውን ሁሉ እንዴት እንዳወቀ ይናገራል? ምሥራቁ ጠቁሯል። ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሞ ይመጣል። ኢንጂነሩ በጠዋት መጥቶ አየኝ፤ በማታም መጥቶ አየኝ። አይጮኽም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር።

ሚያዝያ 2

ኢቲዳል፣ ይኼን ሳታቋርጪ ጻፊ።

ለኢንጂነሩ ነገርኩት። አሥራ ሦስተኛውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሁለቱ ቋሚዎች ከሁሉም የተሻሉ ነበሩ፣ ለሌላ ቤት ፈለግኋቸው። ጣሪያው ያለ ድጋፍ ሁለት ቀን ይቆማል አልኩ። ጠዋት አወጣኋቸው። ሻዕባን ዳሩ ላይ ወርቅ በሳህን ያጥብ ነበር፤ ጠጠር በሳህን ሲንገጫገጭ ጆሮ አይሰማም። በአጠገቡ ሳልፍ፣ እንጨቱን ተሸክሜ፣ ዞር ሳልል "ከታች አትግባ" አልኩት። አንድ ጊዜ። መልስ አልሰጠኝም። ገብቶታል አልኩ።

ወደ መውረጃው አትሂድ ያልኩት መስሎት እንደሆነ፣ ወይም ጭራሽ ሳይሰማኝ እንደሆነ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስመለስ ሳህኑ ዳሩ ላይ ነበር። ሦስት ቀን ቆፈርኩ። በሦስተኛው ቀን ዝናብ መጣ፣ ውሃው ሞላ። ድንጋዩን ከደንኩት። ሱዳን ገባ ያልኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ለአለቃው ነበር ያልኩት። ከዚያ ለሁሉም ሆነ።

ኢቲዳል እስክሪብቶውን አስቀመጠች። አንሺው አልኳት። አላነሳችም። ቆይታ አነሳች።

ኢንጂነሩ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰማኝ። መጨረሻ ላይ እንዲህ አለ፦ "አባ፣ አምኜዎታለሁ፤ እዚያ ቦታ አልቆፍርም። ሣጥኑን ወደ ላይ አራት ሜትር አሸሸዋለሁ፣ ክብደቱ እሱ ላይ አያርፍም። ግን ቤተሰቡ ሳያውቅ ሰው ላይ ኮንክሪት አላፈስም። ሚስቱ እዚያ ናት።"

ሚያዝያ 4

ዐዋጢፍ በሯ ላይ ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍል ነበር። "ቤቱን ላታፈርሱት ነው አሉ" አለችኝ። "ጣትህ ተጸጸተች?"

ነገርኳት። ቆሜ ነገርኳት። ኢቲዳል ኋላዬ ነበረች።

እጇ አልቆመም፤ መፈልፈሏን ቀጠለች። ከዚያ "ድገመው" አለች።

ደገምኩት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ሳህኑን፣ ድምፁን፣ "ከታች አትግባ" ማለቴን፣ ዞር አለማለቴን።

"እንጨቶቹ የትኞቹ ናቸው?"

እጄን በሩ ቋሚ ላይ አደረግሁ። በግራ፣ ከዚያ በቀኝ። እሷ መሐላቸው ነበረች። ሠላሳ ሁለት ዓመት ማታ ማታ ጀርባዋን ያስደገፈችው እዚያ ነው።

አላለቀሰችም። በቆሎውን በእግሯ ገፋችው። "ሂድ" አለችኝ።

ሚያዝያ 7

ኢማሙ መጣ፣ የሞት ጸሎቱ ወንዙ ዳር ተሰገደ። ሰው ብዙ ነበር። ማን እንዳናገረኝ ማን እንዳላናገረኝ አልቆጠርኩም። ወረዳውም ቃሌን ተቀበለ፤ አንድ ቃል አላሳነስኩም። ወረቀቱን ኢቲዳል ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። "ከታች" የሚለውን አስፋቅኩ፣ "ከወንዙ ወለል ሥር" አስባልኩ። ከዚያ ነው ጣቴን ያተምኩት።

ዛሬ ከሰዓት ከውስጥ መሙላት ጀመሩ።

ሚያዝያ 11

ሰማዩ ሲያጉረመርም ዋለ። ነብዩ መጣና "አባባ፣ ሴትዮዋ ቤቷን እየናደች ነው" አለኝ። ሄድኩ።

ሁለቱን ቋሚዎች አውጥታቸዋለች። ብቻዋን፣ በዶማ። ጎን ለጎን ሣሩ ላይ አስተኝታቸዋለች። የበሩ ጉበን አየር ላይ ተንጠልጥሏል፣ ጣሪያው ወደ ፊት አጎንብሷል፣ ሣሩ ይንሿሿል። አሁን ማንን ነው በበሩ የምትጠብቀው? እህቷ ሆሞሻ አለች፤ እዚያ ልትሄድ ነው።

ዕቃዋ ግን ውስጥ ነው። ልትገባ ጎንበስ አለች።

"አትግቢ!" አልኩ።

አልሰማችም። ወይም ሰምታለች።

"ዐዋጢፍ፣ አትግቢ! ጣሪያው አይቆምም። አትግቢ እልሻለሁ። እዪኝ፣ ወደኔ ዙሪ፣ አትግቢ!"

ዞረች። አየችኝ። "ሰምቻለሁ" አለች። ከዚያ ገባች።

ምን ላድርግ? ሮጥኩ፣ ሩጫ ከተባለ። ትከሻዬን ከጉበኑ ሥር አስገባሁ። ክብደቱ ሲወርድብኝ ጉልበቴ ተንቋቋ። የሰባ ዓመት ቋሚ ነኝ። ውስጥ እሷ ትንጎዳጎዳለች፤ ድስት አወጣች፣ ሰሌን አወጣች፣ ተመለሰች፣ አንድ ማንኪያ ብቻ ይዛ ወጣች፣ ደግሞ ተመለሰች። አውቃ ነው ያዘገመችው።

"ዐዋጢፍ፣ ፍጠኚ!"

"ቁም" አለችኝ ከውስጥ። "የሱን እንጨት አይደል የወሰድከው? ቁም።"

ቆምኩ። ዝናቡ ጀመረ። ነብዩ ሊያግዘኝ መጥቶ ነበር፤ በዓይኔ መለስኩት።